ስኩተር ወይስ ሞተር ሳይክል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የደረሱን ደብዳቤዎች እንደተባባሉ ሁሉ አንድ ጉዳይ ላይ ተጠራቅመዋል። ባሕር ዳር ብስክሌት የለመደች ሜዳማ ከተማ ናትና በሁለት ጎማ መሄድ ለነዋሪዋ ብርቅ አይደለም፤ ሞተር ሲጨመርበት ግን ጥያቄው ይበዛል። ለብዙ ሰው ይጠቅማሉ ያልናቸውን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ሽምብጥ እኖራለሁ፤ መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ለሥራ መመላለሻ ስኩተር ልገዛ አስቤ ወንድሜን ባማክረው «እሱ የሴት ሞተር ነው፤ ጉልበት የለውም» አለኝ። ሻጩ ደግሞ «ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ስማቸው ነው የሚለየው» ይላል። ጎረቤቴ «ልዩነቱ የሲሲ፣ የሞተሩ መጠን፣ ነው» አለችኝ። ማንን ልመን?
እህታችሁ፣ ከሽምብጥ

መልስ፦ እህታችን፣ ማንንም አይመኑ። በቅድሚያ አንድ ቃል እናጥራ። በእኛ አገር «ሞተር» ሲባል ተሽከርካሪውም፣ ውስጡ ያለው ሞተርም በአንድ ስም ይጠራሉ። እዚህ ዓምድ ላይ «ሞተር» ስንል ነዳጅ የሚያቃጥለውን ክፍል ብቻ ነው።

አሁን ሱቅ ይሂዱና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቁመው ሞተሩ የት እንዳለ ይፈልጉ። ሞተር ሳይክሉ ላይ ሞተሩ ከነዳጅ ታንከሩ ሥር፣ በነጂው ጉልበቶች መካከል፣ ከሻንሲው ጋር በብሎን ታስሮ ያገኙታል። ስኩተሩ ላይ ወደ ኋላ ሸሽቶ መቀመጫው ሥር ተሸሽጓል። በትናንሾቹ ስኩተሮች ደግሞ ሞተሩ፣ ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ቺንጋ (ቀበቶ) እና የኋላ ጎማው አንድ አካል ሆነው ተገጥመዋል። ማረጋገጥ ከፈለጉ መቀመጫውን በሁለት እጅ ጫን ለቀቅ እያደረጉ ጎንበስ ብለው ይመልከቱ፤ የስኩተሩ አካል ዝቅ ከፍ ሲል ሞተሩ ከጎማው ጋር ባለበት ይቀራል። በሞተር ሳይክል ላይ ሞተሩ ከአካሉ ጋር አብሮ ዝቅ ከፍ ይላል።

ሌላው ልዩነት ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሞተሩ ከፊት ስለተነሣ ከመቀመጫውና ከመሪው መካከል ያለው ቦታ ባዶ ይሆናል፤ እዚያ ላይ እግር የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ወለል ይሠራል። ቀሚስ የለበሰ ሰው እግሩን ሳያነሣ አልፎ ይቀመጣል፤ የዘይት ጀሪካን ወይም የገበያ ዘንቢል እግር ሥር ይቀመጣል። ሞተሩ ከጎማው አጠገብ ስለሆነ ከውጭ የሚታይ ሰንሰለት አያስፈልገውም፤ ቺንጋው ሽፋን ውስጥ ነው። ይህ እሑድ ጠዋት ነጠላ ለብሶ ለሚነዳ ሰው ቀላል ነገር አይደለም፤ የነጠላ ጫፍ በሰንሰለትና በጥርስ መካከል ከገባ ጨርቁ ብቻ ሳይሆን ሰውየውም ይሳባል። ስኩተር ላይ ያለው አደጋ ያነሰ ነው፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ነጠላ ግን ጎማው ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ሁለቱም ላይ ጫፉ መቋጠር አለበት።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ጎማዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ አብዛኞቹ ስኩተሮች ባለ 10 ወይም ባለ 12 ኢንች ሲሆኑ ሞተር ሳይክል ባለ 17 ወይም ባለ 18 ነው። ክብደቱም ወደ ኋላ ያደላል፤ ከአሞርዛተሩ በታች ሞተር የሚያህል ነገር ስለተንጠለጠለ የኋላ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ምቱ ወገብ ድረስ ይሰማል።

አነዳዱ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሞተር ሳይክል ላይ የግራ እጅ ፍሪሲዮን ይይዛል፤ የግራ እግር ማርሽ ይቀይራል፤ የቀኝ እጅ የፊት ፍሬን፣ የቀኝ እግር የኋላ ፍሬን ነው። ማርሽ የማይቀየርበት ስኩተር ላይ ሁለቱም ፍሬኖች እጅ ላይ ናቸው፤ ግራው የኋላውን፣ ቀኙ የፊቱን ይይዛል። እግር ሥራ የለውም። ወንድምዎ ስኩተርዎን ሲሞክር ከልማዱ የግራውን «ፍሪሲዮን ነው» ብሎ ሙልጭ አድርጎ ቢጨብጠው የኋላ ጎማው ይቆለፋል፤ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ከሆነ ይጥለዋል። ቀልድ አይደለም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሸጋገረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በዚሁ ነው።

የጎረቤትዎ የሲሲ ነገር አያስኬድም። የሱዙኪ በርግማን 650 ስኩተር ሲሆን ሞተሩ 638 ሲሲ ነው፤ በየመንገዳችን የምናየው ቦክሰር ሞተር ሳይክል ግን 100 ወይም 150 ሲሲ ነው። «ማርሽ የሌለው ስኩተር ነው» የሚለውም አይሠራም፤ የጥንቶቹ ቬስፓዎች ማርሽ ነበራቸው፤ የሚቀየረውም የግራ እጁን መያዣ በመጠምዘዝ ነበር።

«የሴት ሞተር» ለሚለው ወንድምዎ ደግሞ ይህን ይንገሩት። ቬስፓን የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፤ ቬስፓን የሚያመርተው ፒያጆም አውሮፕላን ሠሪ ድርጅት ነበር። ሰውየው ሞተር ሳይክል አይወድም፤ ሰንሰለቱ ልብስ ያቆሽሻል፤ ጎማ መቀየሩም አስቸጋሪ ነው ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1946 በወጣው ቬስፓ ላይ ሞተሩን ሸፈነው፤ ሰንሰለቱን አስወገደው፤ የፊት ጎማውንም እንደ አውሮፕላን እግር በአንድ ጎን ብቻ ያዘው። ሁለቱን ያዳቀለም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የሆንዳ ሱፐር ከብ እንደ ስኩተር በመሃል ይታለፍበታል፤ ግን ጎማው ባለ 17 ኢንች ነው፤ ሰንሰለት አለው፤ ማርሹም በእግር ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ከ100 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል።

ከሽምብጥ መሃል ከተማ አስፋልት ይዘው ለመመላለስ ከሆነ ስኩተር ይበቃዎታል። ብዙ ጊዜ ከአስፋልት የሚወጡ ከሆነ ግን የሦስተኛውን ጥያቄ መልስ ያንብቡ።

ጥያቄ፦ መናኸሪያ አካባቢ ባጃጅ እነዳለሁ። ባጃጅ የመኪና ዘር ነው ወይስ የሞተር ሳይክል? ከጓደኞቼ ጋር ተከራክረን እናንተ ትፍቱን ብለናል።

መልስ፦ ወንድማችን፣ የስኩተር ዘር ነው፤ ማስረጃውም እጅዎ ላይ ነው። ማርሽ ሲቀይሩ ምን ያደርጋሉ? የግራውን እጀታ ጨብጠው መያዣውን ይጠመዝዛሉ። ይህ የጥንቱ ቬስፓ አሠራር ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ ከተሳፋሪው ሥር ነው፤ ይህም እንደ ስኩተር ነው። የጎማው ልክ 4.00-8 ነው፤ ባለ 8 ኢንች ቸርኬ፤ የመጀመሪያው ቬስፓም ባለ 8 ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒያጆ ቬስፓን ካወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ የቬስፓን ፊት ወስዶ ከኋላ ሁለት ጎማና መጫኛ ገጠመለትና «አፔ» አለው። ቬስፓ በጣልያንኛ ተርብ ማለት ነው፤ አፔ ደግሞ ንብ፤ አንዱ ይበራል፣ ሌላው ይሠራል እንደማለት። የሕንዱ ባጃጅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በፒያጆ ፈቃድ እነዚህን ሲሠራ ቆይቶ በኋላ በራሱ ስም ቀጠለ። እኛ ጋ ሲደርስ የፋብሪካው ስም የተሽከርካሪው ስም ሆኖ ቀረ።

ክርክራችሁ ተግባራዊ ትርጉም አለው። ማርሹ በገመድ ስለሚሠራ ገመዱ ሲረዝም ማርሽ አይገባም ወይም እየዘለለ ይወጣል። ብዙ ሰው የጥርስ ሣጥኑ አለቀ ብሎ ያስፈታል። ከመፍታት በፊት ሁለቱ የማርሽ ገመዶች ጫፍ ላይ ያሉትን ማስተካከያ ብሎኖች ጠበቅ አድርጎ መሞከር ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ከዘጌ ቡናና ጌሾ ጭኜ ባሕር ዳር አመጣለሁ፤ በአንድ ጉዞ እስከ 50 ኪሎ ይሆናል። መንገዱ ጠጠርና በክረምት ጭቃ ነው። አንድ ወዳጄ ያገለገለ ስኩተር በርካሽ ሊሸጥልኝ ነው። ልግዛው?

መልስ፦ አይግዙት። ዋጋው አያጓጓዎት።

ምክንያቱን መሬት ላይ ጭረው ሊያዩት ይችላሉ። የስኩተር ባለ 10 ኢንች ጎማ ከነላስቲኩ ከዳር እስከ ዳር ወደ 43 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የሞተር ሳይክል ባለ 18 ኢንች ደግሞ ወደ 61። ሁለቱንም ክብ ይሣሉና ከፊታቸው 5 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ድንጋይ ያስቀምጡ። ትልቁ ክብ ድንጋዩን የሚነካው ዝቅ ብሎ ነው፤ ይወጣበታል። ትንሹ ክብ ወደ ደረቱ ጠጋ ብሎ ስለሚነካው ከመውጣት ይልቅ ይገፋዋል፤ መሪውንም ይመታል። ጉድጓድም እንዲሁ ነው፤ ትልቁ ጎማ የሚሻገረውን ትንሹ ይወድቅበታል። ከዚያ ላይ 50 ኪሎ ከኋላ ሲጫን፣ ቀድሞም ኋላው የከበደ ስኩተር ፊቱ ይቀልና ጭቃ ላይ መሪ አይታዘዝም።

ከጭቃው ሌላ ችግር አለ። የስኩተሩ ቺንጋ በአየር ይቀዘቅዛል፤ አየሩ የሚገባው በጎኑ ባለ ቀዳዳ ነው። ወንዝ ሲሻገሩ ወይም በጎርፍ ውስጥ ሲያልፉ ውኃ በዚያ ከገባ ቺንጋው ይንሸራተታል፤ ሞተሩ ይጮኻል፤ ጎማው አይዞርም። እስኪደርቅ መቆም ነው። ሰንሰለት ውኃ ቢነካው ይሄዳል፤ ማታ ዘይት መቀባቱ ነው ትርፍ ሥራው።

ሞተር ሳይክል ሲይዙ እነዚህን ይጠብቁ። ቡናውን ከኋላ ጎማው እምብርት በላይ ያስሩ፤ ከእምብርቱ ወደ ኋላ ከወጣ ፊቱን ያነሣዋል። ሁለቱን ጆንያ በግራና በቀኝ ዝቅ አድርጎ ማንጠልጠል አንዱን ከፍ አድርጎ ከማሰር ይሻላል። የጎማ ነፋስ ለብቻዎ ሲሆኑ ከፊት 25፣ ከኋላ 28 ፒኤስአይ የሚሆነውን ሲጭኑ ኋላውን ወደ 33 ከፍ ያድርጉ፤ ትክክለኛው ቁጥር ሰንሰለት መሸፈኛው ላይ ወይም መመሪያው ላይ ተለጥፏል። ሰንሰለቱ መሃሉ ላይ በጣት ሲነሣ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር መወዛወዝ አለበት። ይህን የሚለኩት ግን ጭነቱ ሳይኖር ነው፤ ሳይጫን ልክ የነበረ ሰንሰለት ሲጫን ይጠብቃልና ከሚገባው በላይ የወጠሩት እንደሆነ ኩሽኔታ ይበላል። ጭቃ በሆነ ሰሞን በየ500 ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን በየቀኑ ማታ ያጽዱት።

ጥያቄ፦ ስኩተሬ ነዳጅ ስሰጠው ይጮኻል እንጂ አይሄድም። አንዱ መካኒክ «ሞተሩ አርጅቷል፤ ፒስተንና ፋሻ ይቀየር» አለኝ። ሌላው «ቺንጋ ነው» ይላል። ከመክፈሌ በፊት ማወቅ እፈልጋለሁ።
ከቀበሌ 14

መልስ፦ ቺንጋውን ያለው መካኒክ ወደ እውነቱ ቀርቧል። ሞተር ሲያረጅ ድምፁም ጉልበቱም አብረው ይወርዳሉ፤ ጭስም ያወጣል። ድምፁ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ከቀረ ኃይሉ ሞተሩ ጋ አለ፤ መንገድ ላይ ነው የጠፋው። መንገዱ ደግሞ ቺንጋውና አጃቢዎቹ ናቸው።

አሠራሩን ካወቁት ማንም አያታልልዎትም። ማርሽ ያለው ብስክሌት ነድተው ከሆነ ሰንሰለቱ ከትልቅ ጥርስ ወደ ትንሽ ሲሸጋገር ያውቁታል። ስኩተር ላይ ጥርስ የለም፤ ሁለት ፑሌጃዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ፑሌጃ እንደ ሁለት ሰሐን ነው፤ ሰሐኖቹ ይቀራረባሉ፣ ይራራቃሉ። የፊቱ ፑሌጃ ውስጥ ስድስት ትንንሽ ክብደቶች፣ ሮለር የሚባሉት፣ አሉ። ሞተሩ ሲፈጥን ሮለሮቹ ወደ ውጭ ይሸሻሉና ሰሐኑን ይገፉታል፤ ቺንጋው ወደ ጠርዝ ይወጣል፤ ኋላ ያለው ፑሌጃ ይከፈታል። ማርሹ እንዲህ ሳይታይ ይቀየራል። ከኋላው ፑሌጃ ጎን ሸራ የለበሱ ጫማዎች ያሉት ፍሪሲዮን አለ፤ ሲፈጥን ጫማዎቹ ተከፍተው ከውጭ ያለውን ደወል የሚመስል ክፍል ይይዛሉ።

ምልክቱን ይለዩ። ከቆመበት ሲነሣ ብቻ የሚያቅማማ፣ ከተነሣ በኋላ ግን ደህና የሚሄድ ከሆነ የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል ወይም እንደ መስተዋት ለስልሷል። አነሣሡ ደህና ሆኖ የመጨረሻ ፍጥነቱ ከበፊቱ ከቀነሰ ቺንጋው ከጎን ተበልቶ ጠቧል። ዝግ ባለ ፍጥነት እየተንቀጠቀጠ የሚጎትት ከሆነ ሮለሮቹ ተጠፍጥፈዋል፤ ክብ መሆናቸው ቀርቶ አንድ ጎናቸው ሜዳ ሆኗል። ካጠቡት ወይም ጎርፍ ካለፉ በኋላ የመጣ ከሆነ ደግሞ ውኃ ነው፤ ገንዘብ አያውጡ፤ ሽፋኑን ከፍተው ያድርቁት።

ሲከፈት አጠገቡ ይቁሙ። የግራው ሽፋን ስምንት፣ አሥር የሚሆኑ ብሎኖች አሉት፤ ርዝመታቸው ስለሚለያይ ካርቶን ላይ ሽፋኑን ሥለው እንደየቦታቸው ይሰኳቸው። የፊቱን ትልቅ ዳዶ ለመፍታት ፑሌጃው እንዳይዞር የሚይዝ መያዣ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ካቻቢቴ በማራገቢያው ክንፎች መካከል ሰክቶ ይፈታል፤ ክንፉ ይሰበራል፤ ከዚያ በኋላ ሁሌ ይንቀጠቀጣል። መያዣ የሌለውን መካኒክ ቶሎ ተሰናብተው ይሂዱ።

ቺንጋውን በካሊፐር ይለኩት፤ መመሪያው ከሚለው አዲስ ስፋት ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ከቀነሰ ይጣላል። ወደ ኋላ ጠምዝዘው በጥርሶቹ መካከል ስንጥቅ ካዩ ስፋቱ ደህና ቢሆንም ይጣል። ሮለር አንዱ ቢጠፈጠፍ ስድስቱም አብረው ይቀየራሉ። የፑሌጃው ፊት በቤንዚን ይጸዳል፤ ግራሶ እዚያ መድረስ የለበትም። ቺንጋው ላይ ዘይት ካዩ አዲስ ቺንጋ መግጠም ዋጋ የለውም፤ የሚያፈሰው ጎሚኒ (የዘይት መከላከያ ጎማ) መጀመሪያ ይቀየር። ፍሪሲዮኑ ለስልሶ ብቻ ከሆነ ሸራውንና የደወሉን ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት ሻከር ማድረግ ለጊዜው ይበቃል።

ብዙ ጥሩ ሥራ የሚበላሸው ሲገጠም ነው። አዲስ ቺንጋ ሲገባ የኋላውን ፑሌጃ በእጅ ከፍቶ ቺንጋውን ወደ ጥልቁ መጫን ያስፈልጋል፤ ያኔ ከፊት በኩል ይላላል። ይህ ካልተደረገ ቺንጋው ከፊት ሰሐኖች መካከል ተቆልፎ ይቀራል፤ ዳዶው የጠበቀ ይመስላል እንጂ የያዘው ቺንጋውን ነው። ጥቂት እንደተነዳ ቺንጋው ቦታውን ሲይዝ ዳዶው ይላላል፤ ሰሐኑ ዘንጉን ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛው ወጪ የሚመጣው። ዳዶው ከጠበቀ በኋላ ቺንጋው በጣት ሲገፋ መላላት አለበት፤ ይህን ራስዎ ነክተው ያረጋግጡ። ጎማው አጠገብ ያለው የጥርስ ሣጥን የራሱ ዘይት እንዳለውም አይርሱ፤ ብዙውን ጊዜ ከ100 ሚሊ ሊትር ብዙ አይርቅም። ለዓመታት ሳይነካ የሚቀረው ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ባትሪዬ ሲደክም ስኩተሬን አስገፍቼ ላስነሣው ሞክሬ አልተነሣም። የጓደኛዬ ሞተር ሳይክል ግን ይነሣል። ለምን?

መልስ፦ አይነሣም፤ ሰው አያድክሙ። ሞተር ሳይክሉ ሁለተኛ ማርሽ ገብቶ ፍሪሲዮን ሲለቀቅ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል። የስኩተር ፍሪሲዮን የሚይዘው ሞተሩ ሲፈጥን ብቻ ነው፤ ሞተሩ ከቆመ ጎማና ሞተር አልተገናኙም። በእግር የሚረገጥ ማስነሻ ካለው በእሱ፣ ከሌለው በሌላ ባትሪ ያስነሡት።

ጥያቄ፦ መራዊ ነው የምኖረው። የሞተር ሳይክሌን ዘይት ራሴ ለወጥሁ፤ ጥሩ ይሆናል ብዬ ውድ የመኪና ዘይት ነበር ያደረግሁበት። ከዚያ ወዲህ ዳገት ላይ ማርሽ ይዞ ይንሸራተታል። ዘይቱ ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ግን ነፃ ከሆነው ይጀምሩ። የፍሪሲዮን እጀታው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነፃ እንቅስቃሴ አለ? ከሌለ ገመዱ ተወጥሮ ፍሪሲዮኑን ሁልጊዜ ገርበብ አድርጎ ይዞታል፤ ማስተካከያውን ያላሉት፤ ምናልባት በዚህ ያልቃል።

እጀታው ደህና ከሆነ ዘይቱ ነው። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። ብዙ የመኪና ዘይቶች፣ በተለይ ነዳጅ ይቆጥባሉ ተብለው የሚሸጡት፣ መፋተግን የሚቀንስ ቅመም አላቸው፤ ለመኪና የሚጠቅመው ይህ ቅመም ለእርስዎ ፍሪሲዮን ማንሸራተቻ ነው። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» ወይም «ኤምኤ2» የሚል ምልክት ይፈልጉ። ስኩተር ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፍሪሲዮኑ ደረቅ ስለሆነና ዘይት ስለማይነካው «ጃሶ ኤምቢ» ተብሎ ለእሱ የተለየ ዘይት አለ። ስለዚህ ስኩተር ያለው ጎረቤትዎ የተረፈውን ዘይት ቢሰጥዎት አመስግነው ይመልሱ።

ያለውን ዘይት ሙሉ በሙሉ ያፍስሱ። 100 እና 150 ሲሲ ሞተር ሳይክሎች አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.2 ሊትር ይይዛሉ። ትክክለኛውን ዘይት ሞልተው 200 ወይም 300 ኪሎ ሜትር ይንዱና እንደገና ይለውጡት፤ የመጀመሪያው ቅሪቱን ያጥባል። ከዚያም መንሸራተቱ ካልቀረ የፍሪሲዮኑ ሸራዎች ተቃጥለዋል፤ መቀየር ነው።

ጥያቄ፦ መተማ እያለሁ ገዝቼ ደህና ሲሄድ የነበረ ሞተር ሳይክል ባሕር ዳር ካመጣሁት ጀምሮ ሰነፈ፤ ቤንዚንም ይበላል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይይዛል።

መልስ፦ አየሩ ነው። መተማ ከባሕር ጠለል ከ800 ሜትር በታች ከፍታ ላይ ሲሆን ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ያህል ነው። ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡራተር ይህን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደለመደው ይሰጣል፤ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል። የተወሰነው ጉልበት እዚህ ያለ ማንኛውም ቤንዚን ሞተር የሚያጣው ነው፤ አይመለስም። ጥላሸቱና የነዳጁ ብክነት ግን ይስተካከላሉ።

መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አውጥተው ያራግፉ ወይም ይቀይሩ፤ በአቧራ የታፈነ ማጣሪያ ይህንኑ ምልክት ያመጣል። የብርድ ማስነሻው ሳይመለስ ቀርቶ እንዳይሆን ያረጋግጡ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ መካኒኩ የካርቡራተሩን ዋና ጄት፣ ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ፣ አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ዝቅ ባለው ይቀይር፤ ለምሳሌ 95 ከሆነ በ92 ወይም በ90። አዲስ ወይም የጸዳ ካንዴላ ከገጠሙ በኋላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተው ያውጡት፤ ጫፉ የማኪያቶ ቀለም ከያዘ ልክ ነው፤ ነጭ ከሆነ ቤንዚኑ አንሷል፤ ሞተሩን ያሞቀዋልና ጄቱን ይመልሱ። ሞተር ሳይክሉን መልሰው ወደ ቆላ ከወሰዱትም የድሮውን ጄት መግጠም አይርሱ። በካርቡራተር ፈንታ ኢንጀክሽን (ቤንዚን የሚረጭ መሣሪያ) ላለው ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ራሱ ያስተካክላል።

ስኩተር ለያዙ አንባቢያን፦ እናንተም በዚሁ አየር ውስጥ ናችሁ። ዳገት ላይ የሚሰንፍ ከሆነ ከካርቡራተሩ በተጨማሪ ሮለሮቹን እያንዳንዳቸውን አንድ ግራም ያህል በሚቀልሉ መቀየር ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር እንዲሠራ ያደርገዋል። ነዳጅ ትንሽ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ስኩተር ልገዛ ነው። ባትሪው 72 ቮልት፣ 20 አምፒር ሰዓት ነው። ሻጩ «100 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ይላል። ጢስ አባይ ደርሼ እመለስበታለሁ?

መልስ፦ ሒሳቡን እንሥራው። 72 ሲባዛ በ20፣ 1,440 ዋት ሰዓት ነው። አንድ ሰው የጫነ ትንሽ ስኩተር በኪሎ ሜትር ወደ 30 ዋት ሰዓት ይፈጃል ብለን እናስብ፤ 48 ኪሎ ሜትር ይወጣል። ጥቂት መጠባበቂያ ሲተውለት 40 ይሆናል። ጢስ አባይ ደርሶ መመለስ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ቻርጅ የሚያደርጉበት ቤት ከሌለዎት አይበቃም። የሻጩ 100 የሚገኘው በዝግታ፣ በሜዳ፣ በቀጭን ሰው ነው።

ባትሪው የሊድ አሲድ ይሁን ሊትየም ይጠይቁ። ስድስት ባለ 12 ቮልት የሊድ ባትሪዎች ከሆኑ ክብደታቸው ከ40 ኪሎ ያልፋል፤ እስከ መጨረሻ እየተሟጠጡ ከተነዱም በቶሎ ይሞታሉ። የኤሌክትሪክ ሞተሩ ጎማው ውስጥ ከሆነ የቬስፓው ነዳፊ የዳስካኒዮ ሐሳብ መጨረሻው ላይ ደርሷል ማለት ነው፤ ቺንጋም ሮለርም የለውም። የከፍታው አየርም አይነካውም፤ ባሕር ዳርም መተማም ያው ጉልበት ነው ያለው። የጎማው ክብደት ግን ኮብልስቶን ላይ ይታወቅዎታል፤ ሽቦው ወደ ጎማው በሚገባበት ቦታም በግፊት ውኃ አያጥቡት። ባለ 3 አምፒር ቻርጀር ባዶውን ባትሪ ለመሙላት ከ7 ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ መብራት የሚጠፋበት ሰዓት በሰፈርዎ የታወቀ ከሆነ ይህንንም ይቁጠሩ።

ከመክፈልዎ በፊት ባትሪው ሙሉ ሆኖ 10 ኪሎ ሜትር ይንዱት፤ ሲመለሱ ሻጩ ቻርጀሩን በኤሌክትሪክ ፍጆታ መለኪያ በኩል ሰክቶ ይሙላው። መለኪያው 400 ዋት ሰዓት ካሳየ የሚፈጀው፣ ቻርጀሩ የሚያባክነው ሳይቀነስ፣ በኪሎ ሜትር 40 ነው፤ 1,440ን ለ40 ያካፍሉና የራስዎን ርቀት ያውቁታል፤ 36 ኪሎ ሜትር ነው።